«አዲስ ግዙ» ላሉን ጸሐፊ፣ ከጎንደር

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ዳገት መኪና ያወጣችሁትን ጽሑፍ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት። ጸሐፊው «ከአሮጌ ላንድክሩዘር ጋር ከመታገል ትንሽ ታግሶ አዲስ መግዛት ያዋጣል» ይላሉ። አስፋልት ላይ ለሚውል ሰው እሺ ይሁን። የእኔ እንጀራ ግን ከደባርቅ በላይ ባለው መንገድ ላይ ነው፣ እዚያ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ወደ ሰሜን ተራሮች እንግዳ ማመላለስ ከጀመርኩ 19 ዓመቴ። እንግዳ ሲጠፋ የጥናት ሰዎች ጭኛለሁ፣ ሙሽራ ጭኛለሁ፣ አስከሬንም ጭኜ አውቃለሁ። የያዝኳት የ1998 እ.ኤ.አ. ሞዴል ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ናት፤ ያቺ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ተርቦ (ለሞተር አየር አብዝቶ የሚያስገባው መሣሪያ) የሌላት። ሞተሩን መካኒኮቹ «ዋን ኤች ዜድ» ይሉታል። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ወርጄ በ780 ሺህ ብር ገዛኋት። የደላላው ለብቻው ነው።

እንዴት እንደተሸወድኩ አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ «አሮጌ ወዳድ» እንዳትሉኝ።

ቆጣሪዋ 138 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። አሥራ ስምንት ዓመት የሠራች ሃርድቶፕ፣ 138 ሺህ! ሲካፈል በዓመት ሰባት ሺህ ተኩል ግድም ይመጣል፤ ለቅዳሴ ብቻ የምትወጣ ካልሆነች በቀር እንዴት ተደርጎ። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ ደግሞ ተበልቶ ብረቱ ወጥቷል፣ ብዙ የተነዳች መሆኗን የሚናገር ነው። አየሁት። እያየሁ ዝም አልኩ፣ ቀለሟ አምሮኝ ነበርና፤ ሻጩም «ታይሚንግ ቺንጋዋን አምና ነው የቀየርነው ወንድሜ፣ አታስብ» አለኝ፤ የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኑ ጋር የሚያስማማውን ቀበቶ ማለቱ ነው። አላሰብኩም።

በአራተኛው ወር ከአዲ አርቃይ ስመለስ፣ የሊማሊሞን ዳገት ጀምሬ ጥቂት ጥምዝ እንዳለፍኩ፣ ሞተሩ «ቀጭ» ብሎ ጠፋ። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ። ጭጋጉ ከገደሉ ሥር እየወጣ ነው፣ ከኋላዬ ሁለት ሲኖትራክ ይነፋብኛል፣ እኔ መሪ ይዤ ተቀምጫለሁ። ቺንጋው ተበጥሷል። በዚህ ሞተር ቺንጋ ከተበጠሰ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ፣ ቫልቩ ይታጠፋል፣ ከዚያ ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ማውረድ ነው። አንድ አይሱዙ በሰንሰለት እየጎተተ ደባርቅ አደረሰኝ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪን ወደ ኋላ መመለስ የዋጋ ማጭበርበሪያ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ቺንጋው መቼ መቀየር እንዳለበትም ይደብቅብሃል። አሁን ሰው የሚለኝን አልሰማም። ማንኛዋንም አሮጌ መኪና ስገዛ ቺንጋውን በመጀመሪያው ሳምንት እቀይራለሁ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በየ100 ሺው።

ታዲያ አሮጌን ምን አስወደደኝ? መኪናዋ በስምንተኛው ቀን ተነሣች። መካኒኩ አዘዞ ያለ ሽማግሌ ነው፣ «አያ» ነው የምንለው። ኮምፒውተር የለውም፤ ጆሮ አለው። ቴስታታውን አወረደ፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ አስተካከለ፣ ቫልቮቹ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡ፣ ገጠመ፣ አስነሣ። ወጪው አንገብግቦኛል፣ አልዋሽም። ግን ስምንት ቀን ነው።

ሌላ ልጅ አውቃለሁ፣ በአንድ ድርጅት አዲስ ኮመን ሬይል፣ ማለትም ናፍጣዋ በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ ላንድክሩዘር ይዞ የሚሠራ። ውስጧ ሳሎን ነው፣ ስትገባ ጫማህን አውልቅ አውልቅ ይልሃል። ናፍጣ ከማደያ በጠፋ ሰሞን ከጀሪካን ገዝቶ ቀዳ። ያኔ ሁላችንም ከጀሪካን ነው የቀዳነው፣ ማን ከምን ጋር እንደቀላቀለው እግዜር ይወቅ። የኔዋ ትንሽ አስሏት ፊልትሮ አስቀየረችኝና ሄደች። የሱዋ መብራት አበራች፣ ጉልበት ነሳችው፣ ከዚያ ቆመች። የአዲሱ ናፍጣ ሞተር ኢንጀክተር፣ ናፍጣውን የሚረጨው፣ ረቂቅ ነገር ነው፣ በጣም ከፍ ባለ ግፊት ይሠራል፣ ውሃና ቆሻሻ አይችልም። ጎንደር የሚነካት ጠፍቶ በጭነት መኪና ተጭና ወረደች፣ ዕቃ ሲጠበቅ አምስት ወር። አምስት ወር ሙሉ ልጁ በእግሩ ነበር የሚሄደው።

ለአዲሱም ልፍረድለት። ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ጉልበቱን 10 በመቶ ያህል ያጣል። ጎንደር ራሷ 2,100 ሜትር ላይ ናት። ፓርኩ ውስጥ ካለው ከጨነቅ ካምፕ ወደ ቧሂት ተራራ ስትወጣ ደግሞ መንገዱ 4,000 ሜትርን ያልፋል፣ እዚያ ላይ ለኔዋ የሚቀራት ጉልበት ከፋብሪካው 60 በመቶ ቢሆን ነው። አንደኛ ማርሽ፣ ሎው ሬንጅ (የዳገቱ ከባድ ማርሽ)፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ፣ ፈረንጆቹ በመስኮት ጭላዳ እየቆጠሩ። ባለ ተርቦዋ አጠገቤ ስታልፍ ነጂዋ እጁን ያወዛውዝልኛል። ፍሬኑም ይሻላል፣ ኤርባጉም አለ። ይሄንን አልክድም።

ጽሑፉ የዘለለው ትልቁ ነገር ግን ዋጋው ከየት እንደመጣ ነው። «አሮጌ ለምን ይወደዳል?» ብሎ መገረም ብቻ። እስቲ እንደምሰው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ1,800 ሲሲ በላይ ለሆነች አዲስ መኪና 100 በመቶ፣ ከ7 ዓመት በላይ ላገለገለች ደግሞ 500 በመቶ ጣለ። ወደብ ድረስ 100 ብር የፈጀች መኪና እንበል። 35 በመቶ ቀረጥ ሲጨመር 135 ሆነች። አዲስ ከሆነች ኤክሳይዙ 270 ያደርሳታል፣ 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ግብር ሲደራረቡ 340 ታልፋለች። ያቺው የ100 ብሯ አሮጌ ከሆነችስ? ኤክሳይዙ ብቻውን 810 ያደርሳታል፣ ሁሉም ሲያልቅ ከ1,000 ብር በላይ ነው። ዐሥር እጥፍ! በዚህ ሒሳብ አሮጌ ላንድክሩዘር የሚያስመጣ ማን ነው? ቀስ በቀስ ከውጭ ሌላ አሮጌ መምጣቱ ቀረ፣ እዚሁ ያለው ብቻ እርስ በርስ መሸጥ ሆነ። ቀጥሎ በ2016 ጥር ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል ጭራሽ እንዳይገባ ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የዶላር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፣ 57 ብር የነበረው 100ን ዘለለ። እንግዲህ «አዲስ ግዙ» ሲባል የቱን? ከክልከላው በፊት ገብታ አዳራሽ ውስጥ ፕላስቲኳ ሳይነሣ የቆመችውን ከሆነ፣ ዋጋዋን የሚጠይቅም የሚመልስም ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

ኤሌክትሪክ አለ ትሉኛላችሁ። አለ፣ ማራኪም አዘዞም እያየናቸው ነው፣ ከፍታም ጉልበታቸውን አይነካውም። ባሕር ዳር ለመድረስ እኔም እመኛታለሁ። ግን ባትሪዋ ሆዷ ሥር ነው፣ ከሳንቃበር ካምፕ በላይ ያለው ድንጋይ ደግሞ ሆድ ነው የሚፈልገው፤ ደክማ ብትቆም የሚቀጥለው ሶኬት የት ነው?

አንድ ሌላ ነገር። «መኪና እኮ አይረክስም፣ ጥሪት ነው» የሚሉ አሉ፣ እኔም እል ነበር። ባለፈው አንድ ነጋዴ ለሃርድቶፗ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ልስጥህ አለኝ። አራት እጥፍ! ለባለቤቴ ደውዬ ነገርኳት፣ ደስ አላት። ማታ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዋ ልጄ በስልኳ አሰላችው። በ2009 ዶላር 22 እና 23 ብር አካባቢ ነበር፤ 780 ሺው ያኔ 34 ሺህ ዶላር ይሆን ነበር። ነጋዴው ዋጋውን በነገረኝ ሰሞን ግን ዶላሩ 130 ብር አልፎ ስለነበር፣ የነጋዴው ብር 25 ሺህ ዶላርም አይሞላ። «አባዬ፣ ከስረሃል እኮ» አለችኝ። መኪናዋ ዘጠኝ ሺህ ዶላር ረክሳለች፣ ያበጠው ብሩ ነው። ደግነቱ በእነዚያ ዓመታት ቤት ስታበላ ነው የኖረችው፣ ግቢ ቆማ ብትሆን ኖሮ ምን እል እንደነበር አላውቅም።

ስለዚህ ከቤት እስከ አዘዞ ብቻ የምትነዱ ሰዎች፣ ለስሙ ብላችሁ ፎር ዊል አትግዙ፣ አዲስም አሮጌም። ብራችሁ የሚያልቀው ለስሙ ነው። በእውነት ዳገት የምትወጡ ግን፣ አሮጌ ስታዩ ጠዋት በማለዳ ሂዱ፣ ሳትደውሉ። ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶላችኋል፣ ሲቀዘቅዝ የሚወጣውን ጭስ እንዳታዩ ነው። የዘይት ክዳኑን ክፈቱ፣ ነጭ አረፋ ካለ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፣ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ። ከሥሯ ግቡና ሻንሲውን እዩ፣ የቀኝ ፊት ጎማ አካባቢ የተመታውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ ሻንሲው ትኩስ ጥቁር ቀለም የሚሸት ከሆነ ብየዳ ተሸፍኖበት ይሆናል። ፔዳሉንም እዩ። እኔ ያየሁትን አይታችሁ እንደኔ ዝም አትበሉ።

ለጸሐፊው ደግሞ አክብሮት አለኝ፣ ጽሑፋቸው ባይጥም እስከዚህ አላወራም ነበር። ጎንደር ብቅ ካሉ በዚህችው በአሮጌዋ ቧሂት ድረስ አወጣቸዋለሁ። ናፍጣው በእሳቸው፣ ከማደያ ከተገኘ።

አንድ ሾፌር፣ ከጎንደር ማራኪ