ሴት መሐንዲስ ከፈለጋችሁ ሳይት ላይ ሽንት ቤት ስሩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን በዚሁ ገጽ የወጣውን ደብዳቤ አነበብኩት። ሴቶችን ወደ ምህንድስና ለማስገባት የሚደረገው ጥረት ሙያውን እየጎዳ ነው ይላሉ ጸሐፊው። ነጥብ ዝቅ ተደርጎላቸው ይገባሉ፣ ተመርቀው ደግሞ ስራውን ጥለው ይሄዳሉ፣ ታዲያ ምን ያደክማል? ወንድሜ ይህን ከልባቸው እንደጻፉት ይገባኛል። እንደሳቸው የሚያስብም ብዙ ሰው አለ። እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ስራ ከጀመርኩ አስር ዓመት አልፎኛል። አብረውኝ ከተመረቁት ሴቶች ጥለው የሄዱትን አውቃቸዋለሁ፣ ለምን እንደሄዱም አውቃለሁ። የመግቢያ ነጥብ ያስወጣትን አንዲት ሴት አላውቅም።

አራተኛ ዓመት ላይ ለኢንተርንሺፕ የደረሰኝ ካዛንቺስ አካባቢ የሚሰራ ፎቅ ነበር። የመጀመሪያ ቀኔ ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ ወለል፣ በአርማታ የሚሞላበት ቀን ሆነ። በወረቀት ላይ ስንስለው የከረምነው ፌሮ ብረት እውነቱን ሆኖ ተዘርግቶ፣ ቫይብሬተሩ እየጮኸ፣ አርማታው እየፈሰሰ ማየት ለተማሪ ምን ማለት እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። አራተኛ ፎቅ እንደወጣሁ ፎርማኑ አዩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ እንዲያውም አሳዝኛቸው ነው። «የኔ ልጅ፣ አንቺ ውረጂና ቢሮ ሁኚ። ይሄ ለሴት አይሆንም» አሉኝ። ይህን እያሉኝ ሁለት ሴቶች አርማታ የሞላ ባሬላ ተሸክመው በመሀላችን አለፉ። የፊተኛዋ በነጠላ ጫማ ናት። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራዋለች። ጣቶቿ ላይ ሲሚንቶው ደርቆ ቆዳውን ሰነጣጥቆታል። ፎርማኑ ዞር ብለው መንገድ ለቀቁላቸው። ከዚያ ወደኔ ተመልሰው ያንኑ ደገሙልኝ፣ «ለሴት አይሆንም።»

ወረድኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ መውረዴ ነው።

ስራው ለሴት ይከብዳል የሚል ሰው አንድ ጠዋት ከፒያሳ ተነስቶ በአራት ኪሎ አድርጎ እስከ ካዛንቺስ በእግሩ ይሂድ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ መሀል ከተማውን ሁሉ ሳይት አድርጎታል። አሸዋ የምትነፋውን፣ ድንጋይ የምታቀብለውን፣ በጀሪካን ውሃ የምታመላልሰውን ይያት። ለሴት የሚከብደው ጭነቱ ቢሆን ኖሮ እሷ እዚያ አትገኝም ነበር። ሰውን አልዋጥለት ያለችው ፕላን ይዛ የቆመችዋ ናት።

ቢሮ ስወርድ የሰጡኝ ስራ ፕሪንት ማድረግና የክፍያ ሰርተፍኬት መደመር ነበር። ያንኑ ስሰራ ሴሚስተሩ አለቀ። አብሮኝ የተመደበው የክፍሌ ልጅ ግን ከላይ ቀረ። ስታፋ (ፌሮውን የሚያቅፈውን የብረት ቀለበት) ቆጠረ፣ ኮለን ቀጥ ማለቱን በቱንቢ አየ፣ የአርማታው ጥንካሬ ለሚለካበት ኪዩብ ቴስት ናሙና ወሰደ፣ ከፎርማኑ ጋር ተጣላ፣ ታረቀ። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ሰራተኛ ፊት ተሳስቶ መታረምን መልመዱ ነው፣ ይህን ክፍል ውስጥ ማንም አያስተምርም። ስንመረቅ ውጤቴ ከሱ ይሻል ነበር። ስራ ፍለጋ ስንወጣ ግን እሱ ስለሳይት ሲጠየቅ ይመልሳል፣ እኔ ዝም እላለሁ። የመጀመሪያ ቀጣሪዬም ያንን ዝምታ አይቶ «ለጊዜው ቢሮ ይሻልሻል» አለኝ። «ለጊዜው» ሦስት ዓመት ሆነ። ለፕሮጀክት ማናጀርነት ማስታወቂያ ሲወጣ ደግሞ የሚጠየቀው የሳይት ልምድ ነው። እንግዲህ የሴቶቹ መንገድ የሚዘጋው እንዲህ ነው። ማንም በክፋት አልዘጋውም፣ አብዛኛው ሰው እንዲመቸን ብሎ ነው ያደረገው።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት በ2003 ዓ.ም. ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆኑ። ዶርማችን ውስጥ የነበረው ደስታ ትዝ ይለኛል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ አየር መንገዱ ከካፒቴን ጀምሮ ሴቶች ብቻ የሰሩበትን በረራ ወደ ባንኮክ አደረገ፣ መሬት ላይ ከነበሩት ቴክኒሽያኖች ጭምር። ፓይለት ካፒቴን የምትሆነው ሰዓቷ ተቆጥሮ ነው። በምክትልነት ታበራለች፣ ሰዓቱ ይመዘገባል፣ ትፈተናለች። «እሷ ይቅርባት፣ ቢሮ ትሁን» ቢሏት ኖሮ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን ካፒቴን አትሆንም ነበር። የኛም ሙያ እንዲሁ ነው፣ በሰዓት ነው የሚገኘው። ሰዓቱን ከልክሎ «አይችሉም» ማለት ግን ልክ አይደለም።

አሁን ወደ ርዕሱ ልምጣ። በኋላ ታግዬ ሳይት ገባሁ። ሽንት ቤቱ ያለ በር ነበር። በማዳበሪያ ከረጢት የተከለለ ጉድጓድ፣ ለሰማንያ ሰው። ስለዚህ ጠዋት ሻይ አልጠጣም፣ ቀኑን ሙሉም ውሃ አልቀምስም፣ ሲብስብኝ መንገድ ተሻግሬ ካፌ እገባለሁ፣ ሳያዝዙ መግባት ያሳፍራልና የማልጠጣውን ማኪያቶ አዝዛለሁ። በወር አበባ ቀን ምን እንደሚመስል ጋዜጣ ላይ አልዘረዝረውም፣ ሴት አንባቢ ይገባታል። ኩላሊቴን ታምሜ ሐኪም ያለኝ «ውሃ ጠጪ» ነው። አንድ ጎበዝ ጓደኛዬ ስራውን የለቀቀችው በዚሁ ምክንያት ነው። መልቀቂያዋ ላይ የጻፈችው ግን «በግል ጉዳይ» የሚል ነበር። ወንድሜ «ጥለው ይሄዳሉ» ሲሉ የሚቆጥሩት እንዲህ ያለውን ወረቀት ነው።

ሌላም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሰራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደሞዟ ይሰጣታል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን እኛ ዘንድ ብዙው ቅጥር በፕሮጀክት ኮንትራት ነው፣ ሆዷ ገፋ ማለት ሲጀምር ኮንትራቱ «አልቋል» የተባለባትን አይቻለሁ።

ስለ ነጥቡም ዝም ብዬ አላልፍም። ድጋፉ የማንም ችሮታ አይደለም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ተጽፏል፣ ምክንያቱንም ይናገራል፣ በታሪክ የደረሰብን በደል ነው። ከገጠር የመጣችው የዶርም ጓደኛዬ በዚህ ነው የገባችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ የተረፋትን ሰዓት ነው ያጠናችው። ወንድሟ ያን ሁሉ ሰዓት ነበረው። ከገባች በኋላ ፈተናው አንድ ነው፣ ለሴት ተብሎ የቀለለ የኮንክሪት ጥያቄ አልነበረም። አለፈችው። ቢሆንም «አፈርማቲቭ»፣ በድጋፍ የገባች ለማለት፣ የሚለው ስም እስከ ምረቃዋ አልለቀቃትም፣ በድጋፍ ያልገባነውም ጭምር ተጠርተንበታል። በጣም ያማል። በሌላ በኩል ቁጥር ብቻ ማብዛት መልስ ነው ብዬ አላምንም። በ70/30 የዩኒቨርሲቲ ምደባ ጊዜ ከ100 ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመደብ ክፍሉ ሞልቶ ነበር፣ ሳይት ላይ ግን የሴት ጫማ አልበዛም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ኢንተርን ሲልኩ ተማሪዋ ስንት ሰዓት ሳይት ላይ እንደቆመች የሚያሳይ መዝገብ ይጠይቁ፣ ማህተም ያለበት የምስጋና ደብዳቤ አይበቃም። አሰሪ መስሪያ ቤቶች ጨረታ ሲያወጡ የሚቆለፍ የሴቶች ሽንት ቤት በውሉ ውስጥ በዋጋ ይገባ። ለጥበቃ ቤት ዋጋ እናስገባ የለ?

አሁን በምቆጣጠረው ሳይት አሰርቼዋለሁ። ጥቂት ቆርቆሮ፣ አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ ነው የፈጀው፣ ከፕሮጀክቱ ወጪ አንጻር የሚጠራ ገንዘብ አይደለም። መክፈቻው ሁለት ነው። አንዱ እኔ ጋ ነው። ሌላው ባሬላ ከሚሸከሙት ሴቶች አንዷ አንገቷ ላይ በክር አስራው ትውላለች፣ ዘንድሮ የመጣችው ኢንተርን ስትፈልግ ከሷ ትቀበላለች።

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፣ ከሜክሲኮ፣ አዲስ አበባ