ከሩጫ በኋላ የሚመጣ ራስ ምታት ሁሉ ምች አይደለም

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ኅዳር ላይ ስለሚካሄድ፣ ጥቅምት ሲገባ በእኛ በሱሉልታ ሜዳ ሶምሶማ የሚሮጠው ሰው ይበረክታል። ከአትሌቶቹ ኋላ ኋላ እየተከተልን ለ10 ኪሎ ሜትሩ የምንዘጋጀው አብዛኞቻችን ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ የከረምን ሰዎች ነን፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም አምና በእኔ ላይ የደረሰው በሌላው እንዳይደርስ ነው።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ውኃ እንኳ ሳልቀምስ፣ ሰውነቴንም ሳላፍታታ፣ በእንጦጦ ጀርባ ያለውን ዳገት ሳላርፍ ልወጣው ሞከርሁ። ዳገቱ ሳያልቅ ከማጅራቴ ተነሥቶ እስከ ግንባሬ ከልቤ ምት ጋር እኩል የሚጠዘጥዝ ራስ ምታት ያዘኝና ባሕር ዛፍ ተደግፌ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምሁ። ቤት ስደርስ አንዲት ጎረቤቴ እናት «ላብህ ሳይደርቅ ፀሐይ አግኝቶህ ነው፤ ምች ነው ልጄ» ብለው ዳማ ከሴ በመዳፋቸው አሽተው አሸተቱኝ፤ ጭማቂውንም በቡና አጠጡኝ። ደግነታቸውን አልረሳም። ሆኖም ሕመሙ እስከ ማግስቱ ስላልለቀቀኝ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ፤ የደም ግፊቴም 170 በ100 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ራስ ምታቱን ያመጣው ግፊቱ ነው አላሉኝም፤ ሕመሙ ባልመጣ ኖሮ ግን ግፊት እንዳለብኝ ሳላውቅ ዳገቱን እመላለስበት ነበር።

እንደተረዳሁት፣ በከባድ እንቅስቃሴ የሚቀሰቀስ ራስ ምታት ብዙውን ጊዜ ሌላ በሽታ የሌለበት ሲሆን ከ48 ሰዓት በፊት ይተዋል፤ በሙቀትና በከፍታ ቦታም ይበረታል። ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ላይ መሆኗን፣ ከአዳማ ለጥየቃ መጥቶ በማግስቱ አብሮን የሚሮጥ እንግዳ ልብ አይለውም። አስቸጋሪው ነገር፣ በአንጎል ውስጥ የሚፈስ ደም ወይም የተሰነጠቀ የአንገት ደም ሥርም በዚያው ዓይነት ራስ ምታት ሊጀምር መቻሉ ነው፤ ዕድሜው በገፋ ሰው ላይ ደግሞ የልብ ደም ሥር መጥበብ አልፎ አልፎ በራስ ምታት ይገለጣል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ይመርመር፤ ሕመሙ በድንገት ከመጣና ወዲያው ከበረታ፣ ካስመለሰ፣ አንገት ካደረቀ ወይም ራስ ካሳተ ደግሞ ዳማ ከሴ ሳይፈለግ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል ይወሰድ።

ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ በኪሳቸው ይዘው፣ ገና ሳይሮጡ የሚውጡ ወጣቶችንም አያለሁ። ውኃ ባጣ ሰውነት ላይ ይህ መድኃኒት ጨጓራንም ኩላሊትንም ሊጎዳ ስለሚችል እጅግ ያሳስበኛል።

ቅዳሜና እሑድ ቡድን የሚመሩ አሠልጣኞች አዲስ መጤውን ከማሮጣቸው በፊት ስለ ግፊቱና ስለ ልቡ እንዲጠይቁት፣ ቢያንስ 10 ደቂቃም እንዲያሟሙቁት፣ ራሱን ይዞ የቆመውንም «ቻለው፣ በርታ» ከማለት ይልቅ እንዲያስቀምጡት አደራ እላለሁ። ጋዜጣችሁም ሩጫው ከመድረሱ በፊት አንድ የነርቭ ሐኪም ጋብዞ ጉዳዩን በጤና ዓምዱ እንዲያስረዳልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከሱሉልታ