ከሕንፃው ስልኮች ወደ እሳት አደጋ አገልግሎት በቀጥታ መደወል ባለመቻሉ የቀረበ ቅሬታ

ለሕንፃው አስተዳደር ድርጅት ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የአደጋ ጊዜ ጥሪ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

በሕንፃው አምስተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ የተከራየሁ ስሆን፣ ባለፈው ሳምንት በኮሪደሩ ካለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን ጭስ በተነሣ ጊዜ የገጠመንን ችግር በጽሑፍ ለማመልከት ተገድጃለሁ። ጭሱን ያየችው ባልደረባችን የጠረጴዛውን ስልክ አንሥታ ወደ እሳት አደጋ ስትደውል የሰማችው «ይህ መስመር ለውጭ ጥሪ አልተፈቀደም» የሚል የተቀዳ ድምፅ ነበር። ወደ ውጭ ለመደወል 9ን ማስቀደም እንደሚያስፈልግ ያስታወሰ ሌላ ሰው ሲሞክር ደግሞ ጥሪው ወደ ስልክ ማዞሪያ ሄደ፤ ሠራተኛዋም «የክፍላችሁ ኃላፊ ፈቅደዋል?» ስትል ጠየቀች። የተሰጣት መመሪያ ይኸው በመሆኑ በእርሷ አልፈርድም። ጥበቃው ለጥንቃቄ ሲል የፎቁን መብራት ሲያጠፋ ስልኮቹም አብረው ጠፉ።

በመጨረሻ በሞባይል ተደወለ። ጥሪውን የተቀበሉት ባለሙያ ከሁሉ አስቀድመው ቦታውን ጠየቁ፤ መስመሩ ድንገት ቢቋረጥ መኪና ሊላክ የሚችለው ቦታው ከታወቀ ብቻ ነውና። ሆኖም በየኮሪደሩ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ የሕንፃውን አድራሻም ሆነ ለትልቅ መኪና የሚከፈተው በር የትኛው እንደሆነ አይገልጽም። ማስታወቂያው የሚለው «እሳት ሲነሣ ለጥበቃ ክፍል ያሳውቁ» ብቻ ነው። የሚነደው ምን እንደሆነና ውስጥ የቀረ ሰው መኖር አለመኖሩን መመለስ የሚችለው በዓይኑ ያየ ሰው ሆኖ ሳለ፣ መልእክቱ በጥበቃና በቢሮ ዞሮ እንዲደርስ ማድረግ ጊዜም ይፈጃል፣ መረጃውንም ያዛባል። የተቆለፈ ሞባይል እንኳ እንደ 112 ያለውን የአደጋ ጥሪ ሲያስተላልፍ፣ ኪራይ የምንከፍልበት ስልክ የኃላፊ ፈቃድ መጠየቁ በምንም ምክንያት የሚገባ አይደለም።

እሳቱ ከሳጥኑ ሳይወጣ መጥፋቱ አሠራሩን ትክክል አያደርገውም። ስለዚህ የአደጋ ቁጥሮች ከማንኛውም የቢሮ ስልክ ያለ 9 እና ያለ ፈቃድ በቀጥታ እንዲያልፉ ማዞሪያው እንዲስተካከል፣ መብራት ቢጠፋም የሚሠራ ስልክ በየፎቁ እንዲኖር እጠይቃለሁ። ማስታወቂያውም ሰው አስቀድሞ በአሳንሰር ሳይሆን በደረጃ እንዲወጣ፣ ከአደጋው እንደራቀ ራሱ እንዲደውል፣ አድራሻውንና የፎቁን ቁጥር እንዲናገር፣ ባለሙያው «ይበቃል» እስኪሉት ድረስ ስልኩን እንዳይዘጋ፣ ለጥበቃ የሚነግረውም ከዚያ በኋላ እንዲሆን በሚያሳስብ ሌላ ጽሑፍ ይተካ። የጥበቃው ድርሻ በሩን ከፍቶ መኪናውን መቀበልና መንገድ መምራት ቢሆን ይሻላል።

የማዞሪያው ሥራ ጊዜ ሊወስድ እንደሚችል እረዳለሁ፤ ማስታወቂያውን ግን ዛሬውኑ መቀየር ይቻላል። መቼ እንደሚስተካከል ቀኑን የሚገልጽ የጽሑፍ ምላሽ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የአምስተኛው ፎቅ ተከራይ

ግልባጭ፦ ለተከራዮች ኮሚቴ