ነጠላሽ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ፣ ለእናትሽ ለእማማ ለቅሶ እንኳ ሳልደርስ ቀርቼ፣ ዛሬ ብድግ ብዬ ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስተዛዝበን አውቃለሁ። ምክንያት ልደርድር ብል እኔው ራሴ ስለማላምንበት ይቅር በይኝ ብዬ ልለፈው፤ የቀረውን ስንገናኝ ትቆጪኛለሽ። ገና ፖስታውን ሳትከፍቺ «ጉዳይ ቢኖራት ነው» እንደምትዪም ስለማውቅ አስቀድሜ ልናዘዝ፦ አዎን፣ ጉዳይ አለኝ። ጉዳዩም ልጄ ናት።

ያቺ በጀርባሽ አዝለሽ ያስተኛሻት ሕፃን 15 ዓመት ሞላት። ከመስከረም ወዲህ ሌሊት 11 ሰዓት ሲሆን ከአልጋዋ ወርዳ፣ በሩን እንደ ሌባ ቀስ አድርጋ ከፍታ፣ ወደ መስቀል አደባባይ ትሄዳለች፤ ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ ቆይታ በላብ ተጠምቃ ትመለስና ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች። አባቷ «መጀመሪያ 12ኛን ትጨርስ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም። እኔ ደግሞ ባለፈው ሰኞ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋትና «ሴት ልጅ በዚህ ጨለማ ሱሪ አጥልቃ ስትሮጥ ሰው ምን ይላል?» አልኳት። ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ ድምፁ የማን እንደ ሆነ ታወቀኝ። የእማማ ነበር፤ «ሰው» የሚለው ላይ ረገጥ የምታደርገው ነገር እንኳ አልቀረም። ልጄ አልተቆጣችም። የጫማዋን ማሰሪያ እየፈታች «ደራርቱንስ እንዲህ ብለዋት ቢሆን ኖሮ?» ብላኝ ወደ ውስጥ ገባች።

የሯጯን የደራርቱ ቱሉን ስም ስትጠራ ሐሳቤ የት እንደ ሄደ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ነበር፤ ፍልሰታ የገባበት ዕለት። ቴሌቪዥን ያላቸው ጎረቤቶቻችን የባርሴሎና ኦሎምፒክን የሴቶች 10,000 ሜትር ሩጫ ሊያሳዩን ሳሎናቸውን ከፍተው፣ እኛ ልጆቹ ወለሉ ላይ ተጠጋግተን ስንቀመጥ፣ አንቺ 25 ፍሬ የሽምብራ ቆሎ ቆጥረሽ በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽ ነበር። በየዙሩ አንዳንድ ፍሬ እየበላሽ የቀረውን ዙር ታሰያለሽ። እኔ በመሐል አንዷን ፍሬ ሰርቄ በላሁብሽና ስሌትሽ ተፋለሰ፤ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲሰማ ባዶ ነጠላሽን እያየሽ «አለቀ እኮ!» ብለሽ የጮኽሽው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ብሪታኒያዊቷ ሊዝ ማኮልጋን እስከ እኩሌታው ድረስ መርታ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ፈትለክ ብላ ስትወጣ፣ ከኋላዋ የተገኘችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ የበቆጂዋ፣ የእኛው የአርሲ ልጅ፣ ገና የ20 ዓመት ወጣት። ያን ሁሉ ዙር ጥላ መስላ ስትከተል በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ትልልቅ ሰዎች በአንድ አፍ «ደክሟታል» ሲሉ፣ አንቺ ብቻ ቆሎሽን እያኘክሽ «አልደከማትም፣ እየጠበቀች ነው» አልሽ። እኔ የሩጫ ዕውቀት እንዳለሽ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው፤ ቅናቱም የጀመረኝ ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። መጨረሻው ዙር ላይ ተስፈንጥራ በ31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ስትገባ፣ ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ ካሸነፈ ወዲህ ለ12 ዓመት ወርቅ ያላየች ሀገር እንደገና ወርቅ አገኘች።

ልጄ ግን ከወርቁ ይልቅ የተያዘችው ከዚያ በኋላ በሆነው ነው። ደራርቱ ሜየርን ጠብቃ አቅፋ፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን መዞራቸው አልዋጥ ብሏት «ያሸነፈቻትን ሴት ለምን ጠበቀቻት?» እያለች ትጠይቀኛለች። የሜየር ሀገር ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ከሮጠበት ከሮም ኦሎምፒክ ወዲህ ታግዳ፣ ገና ያን ዓመት መመለሷን፣ ጥቁርና ነጭ አፍሪካውያን ሴቶች እንዲያ ሆነው መታየታቸው ለዓለም ምን ማለት እንደ ነበር ነገርኋት። አዳምጣኝ ስታበቃ «እሱ የጋዜጠኛ መልስ ነው» አለችኝ። ጓደኛን ከኋላ ጠብቆ ስለ ማቀፍ ለመናገር እኔ የመጨረሻዋ ሰው መሆኔን ስለማውቅ ዝም አልኩ።

ደግሞ አሳፍራኛለች። መምህሯ በአንድ መስክ ቀዳሚ ስለሆነች ሴት ጽፋችሁ አምጡ ብለዋቸው፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ «ደራርቱ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ናት ብለሽ ጀምሪ» አልኳት። «የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት» ብላ አረመችኝ፤ ለካ ሞሮኳዊቷ ናዋል ኤል ሙተወኪል በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ 400 ሜትር መሰናክል አሸንፋ ከደራርቱ ቀድማ ወርቅ ወስዳለች። ኢትዮጵያ በዚያ ኦሎምፒክ ስላልተካፈለች እኛ ሰፈር ወሬው አልደረሰም እንበል። ይህ ግን የደራርቱን ነገር ያሳነሰብኝ እንዳይመስልሽ። ሴቶች በኦሎምፒክ 10,000 ሜትር መሮጥ የጀመሩት በሴኡል ነው፤ እኛ ደግሞ ሴኡልም አልሄድንም። ስለዚህ ያቺ ልጅ ባርሴሎና ላይ የቆመችው ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ በተሮጠ ርቀት ላይ ነበር። ሰው «ቀዳሚት» ሲል በሰልፍ ፊት የቆመች ሴት ይታየዋል፤ ለእኔ የሚታየኝ ግን ሰልፉ ራሱ ገና አለመኖሩ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ሌላዋ የበቆጂ ልጅ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶን ተከታይዋን በሁለት ደቂቃ ትታ ገብታ በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ስትሆን፣ ሰልፉ ተጀምሯል ማለት ነው። እኔ ትዳርና ልጅ የሚል ነገር ባነሳሁ ቁጥር ልጄ የምትመዝብኝ ደግሞ ሲድኒን ነው፦ ደራርቱ ወልዳ ተመልሳ በዚያው በ10,000 ሜትር ሁለተኛ ወርቋን ወሰደች፤ በ37 ዓመቷም ኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ከዚህች ልጅ ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መጋፋት ነው፤ ከማን እንደ ወረሰችው እንዳትጠይቂኝ።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ከዚያ ነሐሴ በኋላ ኪዳን ላደርስ ነው እያልሽ በማለዳ ስትወጪ፣ ነጠላሽን ባሕር ዛፉ ሥር ለእኔ ሰጥተሽ በሸራ ጫማሽ ወደ ጭላሎ ተራራ አቅጣጫ ስትሮጪ፣ እኔ በብርድ እየተንቀጠቀጥሁ እስክትመለሺ እጠብቅሽ ነበር። አንድ ቀን አልጠበቅሁሽም። እማማ ከቅዳሴ ስትመለስ መንገድ ላይ አግኝታኝ «ልጄስ?» አለችኝ። እኔም ነጠላሽን በብብቴ ይዤ ያለሽበትን ነገርኋት። አላስገደደችኝም፣ አልተቆጣችኝምም፤ ኪዳን ላይ ናት ብል ታምነኝ ነበር። በዚያ ሳምንት የትምህርት ቤቱን ውድድር አሸንፈሽ ሰው ሁሉ ስለ አንቺ ብቻ ሲያወራ ሰንብቶ ነበርና፣ ሆዴ ውስጥ የነበረው ያ ነው። ማታ ጫማሽ ምድጃ ውስጥ ሲነድ ጎማው የሸተተው እኛ ቤት ድረስ ነው። ለሠላሳ ምናምን ዓመት ያቺን ጎረቤት ስትጠረጥሪ እኔም አብሬሽ ስጠረጥር ኖርሁ፤ ሴትየዋን ነፍስ ይማር። ለቅሶው ላይ ያልመጣሁትም ሥራ ስለ በዛብኝ አልነበረም፤ እማማ ተኝታ አንቺ አንገቴ ላይ ጥምጥም ብለሽ ስታለቅሺ ይህን ውጬ መቆም ስላልቻልሁ ነው። ነጠላሽ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። ጥለቱ ደብዝዟል፤ አንዱን ጠርዝም ብል በልቶታል።

ይህን ካነበብሽ በኋላ ልለምንሽ ያሰብሁትን መለመን ድፍረት እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ሰፈር ውስጥ ልጆችን በማለዳ ሰብስበሽ እንደምታሠሪ ሰምቻለሁ። ትምህርት ሲዘጋ ልጄን ለክረምቱ አሰላ ልላክልሽና አንቺ እያት። እኔ እናት ነኝ፤ እግሯን ሳይ የሚታየኝ ቁስሏ ብቻ ነው። አንቺ ግን ያን ሌሊት አንድ ሳሎን ሙሉ ሰው ያላየውን አይተሻል። ነገሩ ካላት ንገሪኝ፤ ከአባቷ ጋር የምከራከረው እኔ ነኝ። ከሌላትም ሳትራሪ ንገሪያት፤ ከእኔ ብትሰማው ቅናት ይመስላታል፣ አንቺ ደግሞ አሁን እንዳወቅሽው ልጄ በዚህ በኩል ብትጠረጥረኝ አይፈረድባትም። አይሆንም ብትዪኝም አልቀየምሽም፤ ደብዳቤው በዚህም ቢያበቃ የሚገባኝን ነው።

እሺ ካልሽ ግን ሐምሌ መግቢያ ላይ ትመጣለች፤ ነጠላውን በእጇ እልካለሁ። ጠዋት ሳትበላ እንዳትወጣ፣ ማታ ደግሞ ስልኳን ቀሚያት። ሽምብራ ቆሎ ትወዳለች፤ ዙር መቁጠሩንም አስተምሪያት፤ በአጠገቧ ሌባ አለመኖሩን ብቻ አረጋግጪ። ጫማዋንም ከምድጃ አርቂልኝ። ይህን የመጨረሻውን ልሰርዘው ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ ከሳቅሽበት ብዬ ተውኩት።

ያቺው ወሬኛ ጓደኛሽ
አዲስ አበባ