ስለ ዩሪያው ለጠየቁኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሐምሌ 14

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? የእማዬን ጉልበት ክረምቱ እንዴት አድርጎታል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ወንድሜ ቀስ ብሎ እንዲያነብልዎ አደራ ብዬዋለሁ፤ ሲደክምዎ ያስቁሙትና በማግስቱ ያስቀጥሉት።

ባለፈው እሑድ በስልክ አጥፍቻለሁ። «ጣናን ያሳመመው እኛ የምንበትነው ማዳበሪያ ነው ይላሉ፤ አንቺ ተምረሽበታልና እውነቱን ንገሪኝ» ሲሉኝ፣ ለሥራ እየተጣደፍሁ ስለነበር «አዎ፣ እሱም አለበት» ብዬ ተሰናበትሁዎ። ከዚያ ወዲህ ዝም ማለትዎን፣ ለሩዙ የተገዛውንም ዩሪያ «ማሳዬ ላይ አይረፍ» ብለው ጓዳ እንዳስቆለፉበት ወንድሜ ነገረኝ። አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዕድሜዎን ሙሉ ያረሱትን መሬት የሚነካ ጥያቄ እንዲያ በጥድፊያ አይመለስም። አሁን ሙሉውን ልንገርዎ።

የምሠራው እዚህ አሜሪካ ቼሳፒክ በሚባል ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው። ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ቢለካ እንደማለት ነው። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 7 ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህ ጣናን ይመስለኛል፤ ጣናም እጅግ ጠለቀ በሚባልበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነውና። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ከደጋው የሚወርደውን ሁሉ ይቀበላል፤ ቶሎም ይታመማል። ወደ ቼሳፒክ ዝናቡን የሚልከው አገር ስፋት 166,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስድስት ክፍለ ግዛቶችና ዋሽንግተን ከተማ ይካፈሉታል፣ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርበታል። ከነዚያ ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ከቤቴ የሚወጣው ፍሳሽ ተጣርቶ ወደ ፖቶማክ ወንዝ ይገባል፤ ፖቶማክም ወደምመረምረው ውሃ ይወርዳል። ስለ ማዳበሪያ ስነግርዎ ከደሙ ንጹሕ ሆኜ እንዳልሆነ አስቀድመው ይወቁልኝ።

በዚህ ወራት ማለዳ በጀልባ እንወጣለን። ውሃ በጠርሙስ እንቀዳለን፣ እናጣራለን፣ በማይክሮስኮፕ እናያለን። በውስጡ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች አሉ፤ በትምህርት ቤት ዋቅላሚ ብለን የተማርናቸው። በልካቸው ሲኖሩ የአሣው ሁሉ ምግብ መነሻ ናቸው። በማዳበሪያ ውስጥ ያሉት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የሚባሉት ምግቦች ሲበዙላቸው ግን፣ ዩሪያ እንደጠገበ ሩዝ በጥቂት ቀናት ይንቦገቦጋሉ። ውሃው ራሱ ማሳ ሆነ ማለት ነው፤ የሚያጭደው የሌለ ማሳ። በጸደይ ወራት ቡናማ ቀይ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ፤ እዚህ «የማሆጋኒ ማዕበል» ይሉታል።

ክፋቱ የሚመጣው አልጌው ሲሞት ነው። ርጥብ ድርቆሽ ሲከመር ውስጥ ውስጡን እንደሚግለው ሁሉ፣ የሞተው አልጌ ወደ ታች ሰጥሞ ይበሰብሳል፤ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ነፍሳት በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ተንፍሰው ይጨርሱታል። መለኪያችንን ስናወርድ ላይ ላዩ ደህና የነበረው ቁጥር ጥልቁ ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ያን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ሰውነቴ ይቀዘቅዛል። አሣው መሸሽ ከቻለ ይሸሻል፤ ከታች ተጣብቆ የሚኖረው ግን ታፍኖ ይሞታል።

አንዳንዱ አልጌ ደግሞ መርዝ ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2014 በነሐሴ መግቢያ፣ ኤሪ በሚባለው ታላቅ ሐይቅ ዳር ያለችው የቶሌዶ ከተማ ነዋሪዎች ሦስት ቀን ያህል የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጡ ታዘዙ። ከ400,000 በላይ ሰው ነው። እማዬ ይህን ትስማልኝ፦ ያን ውሃ ማፍላት አያድንም፤ ውሃው ተንኖ ሲያንስ መርዙ ይበልጥ ይወፍራል።

አሁን ወደ ዩሪያው ልምጣ። እዚህ ሜሪላንድ ይህን ጉዳይ ረጅም ዘመን የመረመሩ ፓትሪሺያ ግሊበርት የሚባሉ የባሕር ሳይንስ ሊቅ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ በዓለም ላይ የዩሪያ አጠቃቀም በ40 ዓመት ውስጥ ከ100 እጥፍ በላይ እንደጨመረ፣ ከእርሻ ታጥቦ ወደ ባሕር ዳርቻ እንደሚደርስና አንዳንድ ጎጂ አልጌዎችም በደንብ እንደሚመገቡት ጻፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነበው መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥሁ። በክረምት ትምህርት ቤት ስሄድ የለበስሁት የእርስዎ የዩሪያ ከረጢት ነበር። አገራችን ከረጢቱን ራሱን «ማዳበሪያ» ብላ ትጠራው የለም? አንዱን ጥግ ወደ ውስጥ አጥፈው ቆብ ሠርተውልኝ፣ ደብተሬን ከዚያ ሥር አቅፌ ጭቃውን አቋርጥ ነበር። ደብተሩንም፣ የዩኒቨርሲቲ መሳፈሪያዬንም የገዛው ያ ዩሪያ ያበቀለው ሩዝ ነው። ዩሪያን እንደ ጠላት ማየት አልችልም፤ አላይምም።

ግን እውነቱ ይኸው ነው። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። በዓለም ዙሪያ ሲታይ ገበሬው ከሚሰጠው ናይትሮጅን ሰብሉ የሚወስደው ግማሹን ያህል ነው። የቀረው ወደ አየር ይተናል፣ ወደ መሬት ይሰርጋል፣ ወይም ከጎርፉ ጋር ይሄዳል። ማለትም የሚጠፋው የእርስዎ ገንዘብ ነው። ለዚያ ከረጢት በሬ የሸጠ ጎረቤት አለን፤ ግማሹ ለሩዙ ሳይደርስ ለሐይቁ ሲገበር ሐዘኑ ድርብ ነው።

የጣና ሕመም ግን ከእርስዎ ማሳ አልጀመረም። እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ ሲታይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በእጃችሁ ስትነቅሉ የዋላችሁትን አልረሳሁም። እምቦጩም አልጌውም የሚበሉት አንድ ነው፤ በውሃው ውስጥ የተትረፈረፈውን ምግብ። ምግቡ የሚመጣው ከከተሞች ፍሳሽ ነው፣ ከእርሻ ነው፣ ከሁሉም ይልቅ ልብዎን የሚነካው ደግሞ ከአፈሩ ነው። ፎስፎረስ አፈር ላይ ተጣብቆ ይጓዛል። የጉማራ ወንዝ በሐምሌ ቡናማ ሆኖ ሲወርድ «አፈራችን ሄደ» እያሉ ያዝኑ ነበር፤ ያዘኑት ትክክል ነበር። ገደሉ ሲራቆት፣ ዛፉ ሲመነጠር፣ ሸንተረሩ ሲታረስ የኖረው የብዙ ሰው ሥራ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ሽማግሌ ጫንቃ ላይ መጫን ግፍ ነው። እኔ ነኝ በሦስት ቃል የጫንሁት።

እዚህም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1997 ፖኮሞክ በሚባል ወንዝ ብዙ አሣ ቆስሎ ሞተ፤ ከወንዙ ጋር የሚውሉ ሰዎችም ነገር የመርሳት ችግር ገጠማቸው። ወንዙ ለጊዜው ተዘጋ። ጥርጣሬው በአንዲት ረቂቅ ነፍስ ላይ ወደቀ፤ እሷን አብዝቷል የተባለው ደግሞ በየማሳው የሚደፋው የዶሮ ኩስ ነበር። በማግስቱ ዓመት ገበሬው የሚያደርገውን የናይትሮጅንና የፎስፎረስ ልክ በጽሑፍ እንዲያቅድ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ገበሬዎቹ ተቆጡ፤ በወንጀለኛ ዓይን ታየን አሉ። ሊቃውንቱ ስለዚያች ነፍስ ከዚያ በኋላም ብዙ ተከራክረዋል፤ የተረፈ ማዳበሪያ ውሃን እንደሚጎዳ ግን የሚከራከር የለም። ከነዚያ ገበሬዎች ልጆች አንዳንዶቹ ዛሬ ማሳቸው ዳር ውሃ እንድንቀዳ በሩን ይከፍቱልናል። አንዱ ሽማግሌ ቡና ያጠጡኛል፤ እጃቸው የእርስዎን እጅ ይመስላል።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህን ነው። ዩሪያውን አይከልክሉት፤ ሩዙ ከቢጫነት አይወጣም፣ ዓመቱም ረጅም ነው። ይልቅ ወንድሜ በአንድ ጊዜ ከሚበትነው ሁለት ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ ይስጠው። ሲበትን በማሳው የተኛው ውሃ ቀንሶ ጭቃው ሲታይ ይሁን፤ ሰማዩ እያጉረመረመ አይሁን። እርስዎ የደመናውን ነገር ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ፤ ቀኑን እርስዎ ይምረጡለት። የጭቃውን ክትር ሳይበጠስ ይጠግን፤ በቦዩ ዳር ሦስት እርምጃ ያህል ሣሩን አያርሰው። የልማት ሠራተኛው አፈሩን ማስመርመር የሚቻል ከሆነ ይጠየቅልኝ፤ የጎደለውን ሳያውቁ መጨመር ብር መበተን ነው።

ለጥምቀት እመጣለሁ፤ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ጠርሙሶቼን ይዤ ነው የምመጣው። ከማሳችን በላይና በታች ከጉማራ እንቀዳለን፤ ለክረምቱ የሚሆነውን ለወንድሜ ትቼለት እሄዳለሁ። ወንዙ ድሮ በየት ይወርድ እንደነበር፣ ቀረሶና አምባዛ የት የት ይያዝ እንደነበር ቦታውን እየጠቆሙ የሚነግሩኝ እርስዎ ነዎት። ይህን የሚጽፍልኝ መሣሪያ እዚህ የለም።

እስከዚያው የጓዳውን ቁልፍ ለወንድሜ ይስጡት፤ እህልም ይቅመሱልኝ። እሑድ እደውላለሁ፣ ሳልጣደፍ።

ምርቃትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ