የአሮጌ ነፍጥ አፈሙዝ ሲቀየር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባሩድና እርሳስ ከአፉ የሚጎርስ ነፍጥ አፈሙዙ በዝገት ተበልቶ ሲቀየር፣ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ካሊበሩ፣ ማለትም ስለ ውስጥ ቀዳዳው ስፋት ነው። የሚቀድመው ግን የውጭው ውፍረት ነው፤ በእንጨቱ ቦይ ልክ ካልተቀመጠ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ውፍረቱ እኩል ከሆነ፣ ባለ 0.54 ኢንቹ ከባለ 0.50ው ይቀላል፤ ግድግዳው ስለሚሳሳ። የጥይቱ ኳስ ግን ከ11.5 ወደ 14.5 ግራም ገደማ ይከብዳል። ለዒላማ 0.50 ይበቃል፤ እርሳስም ይቆጥባል።

ለአፈሙዙ ብረት የሚሰጠው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ባረጀ ሰደፍ ላይ ባዕድ ይመስላል፤ ቡናማው ይሻላል። እሱ ራሱ በቁጥጥር የወጣ ዝገት ነው፦ ቅባቱን አጥርቶ ማዛጊያውን ፈሳሽ በስሱ መቀባት፣ ማሳደር፣ ልሙን ዝገት ማራገፍ፣ መልሶ መቀባት። በጣት ከተነካ የጣቱ ቅባት ነጣ ያለ ምልክት ይተዋል። በድሬዳዋ ደረቅ አየር ዝገቱ ስለሚዘገይ፣ እርጥብ ጨርቅ ያለበት ዝግ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ቀለሙ ሲደርስ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ ታጥቦ ዘይት ካልተቀባ፣ ዝገቱ ሥራውን ይቀጥላል።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ