ከእብነ በረዱ በፊት አጥሩ ይቅደም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በሟች ስም ችግኝ መትከልና በደብር ግቢ ወይም በመንደር ደን ውስጥ የመታሰቢያ ቦታ ማዘጋጀት እየተለመደ መምጣቱ ደግ ነገር ነው። አሠራሩ ግን ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራል። መጀመሪያ ሲሚንቶ ይፈስሳል፣ እብነ በረድ ይቆማል፣ ከዚያ ዙሪያው ከውጭ በመጡት በዱራንታና በጌራኒየም ይሞላል። የደጋው የጥድና የወይራ ደን የራሱ አበባ እያለው!

መቅደም ያለበት አጥር ነው። ከብት በሚገባበት ደን አበባም ቡቃያም አይጸናም። በደቡብ ጎንደር የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናትና ከምእመናን ጋር በደብር ደኖች ዙሪያ ያሠሩት የድንጋይ ካብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ በመሆኑ ማሳውም ይጸዳል፣ ደኑም ይከበራል። ድንጋይ በሌለበት ቀጋ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት በሁለት ረድፍ ቢተከል አጥርም ነጭ አበባም ይሆናል፤ እስኪጠነክር ድረስ ግን ደረቅ እሾህ ይደገፍለት።

አደይ አበባ ፀሐይ ይወዳል። ጥቅጥቅ ባለ ጥድ ሥር ዘርቶ አልበቀለም ማለት ዘሩን መክሰስ ነው፤ ቦታው የደኑ ጠርዝና ገላጣው ነው። በየዓመቱ ከዘር ስለሚነሣ የሚጠፋው በአጨዳ ነው። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ከሥሩ ይነቀላል፣ የተረፈው ደግሞ ግቢ ለማጽዳት ወይም ለድርቆሽ ሲባል በጥቅምት ከሣሩ ጋር ይታጨዳል። ዘር ሳይጥል ከታጨደ በሚቀጥለው መስከረም የሚበቅል ነገር የለም። ሣሩ እስከ ኅዳር መጨረሻ ይቆይ። ዘሩ ጠቁሮ በጣት ሲነካ የሚረግፍ ሲሆን በወረቀት ከረጢት ይለቀም፤ በላስቲክ ከታሰረ ይሻግታል። በሰኔ መጀመሪያ መሬቱን በእሾህ ቅርንጫፍ ጫር ጫር አድርጎ በትኖ በእግር መጫን ይበቃል። ጠልቆ የተቀበረ ዘር ይቀራል። ሰርዶ ያለበት ቦታ ከሆነ ግን ሥሩ በበጋ ተቆፍሮ ለፀሐይ ካልተሰጠ ቡቃያውን ይውጠዋል።

ለጥላው እንሶስላን የሚያህል የለም። አበባው ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ወይን ጠጅ ነው፣ ሲመሽ ሽታው ይጎላል። ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀልሙበት ሥሩ ወፍራም ነው፤ በበጋ ግንዱ ሲሞት እሱ ከመሬት በታች ይተኛል። ይህን ያላወቀ ጠባቂ ደርቋል ብሎ ቆፍሮ ይጥለዋል፤ ስለዚህ የተተከለበት ቦታ በድንጋይ ምልክት ይደረግበት። እርጥበት ይፈልጋል፣ ውሃ በሚቋጥር ጥቁር መረሬ አፈር ግን ሥሩ ይበሰብሳል፤ ለስላሳ የቅጠል አፈር ያለበት ተዳፋት ይመረጥለት። ፍሬው ሲበስል በትንሽ ንክኪ ፈንድቶ ዘሩን ስለሚበትን ቀደም ብሎ በቁራጭ ሻሽ ማሰር ያስፈልጋል። ሥሩን ከዱር ነቅሎ ማምጣት ግን አንዱን ደን አራቁቶ ሌላውን ማልበስ ነው። ሐረጉ ተምበለል በደረቀ ጉቶ ላይ ይወጣል፤ ቁጥቋጦዎቹ አሜጃና የፈረስ ዘንግ ለደኑ ጠርዝ ይሆናሉ። ባሕር ዛፍ ሥር ግን አፈሩ ስለሚደርቅ ብዙም ተስፋ አይጣል። የአገር በቀሉ ዛፍ ቅጠል ባለበት ይበስብስ፤ ጽዳት ተብሎ በየሳምንቱ የሚጠረገው የአበባው አፈር ነው።

የመታሰቢያው ቦታ ዛፍ ተቆርጦ ሳይሆን በተፈጥሮ ገላጣ በሆነው ስፍራ ይዘጋጅ። ለሙት ዓመት 30 ሰው ቆሞ ጸሎት የሚያደርስበት ክብ፣ ከዳር እስከ ዳር 6 ሜትር ቢኖረው ይበቃል። ከዚህ ካነሰ ሰው አበባው ላይ ይቆማል። ከትልልቅ ግንዶች ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ ውሃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች በላይኛው አፈር ውስጥ ስለሆኑ አፈር ቢቆለልባቸውም ቢቆፈርባቸውም ዛፉ ቀስ በቀስ ከጫፉ ይደርቃል። ወለሉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ በአሸዋ ላይ ይነጠፍ፣ በድንጋዮቹ መካከል 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተው፤ ሲሚንቶ ውሃውን ይከለክላል፣ ኖራውም ወደ አፈሩ ይወርዳል። ስም በዝቅተኛ ድንጋይ ላይ ይቀረጽ እንጂ በዛፍ ላይ በምስማር አይመታ፤ ምስማሩ የከፈተው ቁስል ለመበስበስ በር ነው።

ስለ ጧፍና ሻማ ማንም አያስብም። የደረቀ የጥድ ቅጠል በበጋ እንዴት እንደሚቀጣጠል የሚያውቅ ግን አሸዋ የተሞላ የድንጋይ ገበታ በክቡ መካከል ያስቀምጣል፣ ዙሪያውንም 2 ሜትር ከቅጠል ያጸዳል። የላስቲክ የአበባ ጉንጉን ሽቦውን እንደያዘ ደን ውስጥ ስለሚቀር በሩ ላይ ቢመለስ ይሻላል።

ለእብነ በረድ ከሚዋጣው ገንዘብ እኩሌታው ለጠባቂ ደመወዝና ለሁለተኛው ዓመት አረም ቢመደብ እመርጣለሁ። በመጪው ክረምት ለመትከል ያሰቡ ማኅበራትና ደብሮች አደዩን ማስለቀም ያለባቸው በዚህ ኅዳር ነው፤ በሰኔ ዘር ፍለጋ ቢወጡ የሚያገኙት የችግኝ ጣቢያ ዱራንታ ነው።

አንድ የአትክልት ባለሙያ
ከአዲስ አበባ